ከያኤል ጫማ የተሠራው ዓሣ

ወላሂ አልዋሽም።

ካላመናችሁኝ መካኒሳ ኑና ጊቢያችንን ጠይቁ። የታሪኩን ግማሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ጥቅምት ውስጥ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ደግሞ ጅቡቲ... ባሕሩ ዳር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ መርዋ ነው። ሃሩን ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። እዚያ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ወረፋ ሲጠብቁ ይከርማሉ። ሌሎቹ ሹፌሮች ጫት ይቅማሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። የኔው ጉድ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ!

ያስለመደው አንድ ፈረንጅ ነው። ዘንግና ክር ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ሃሩን ስለ ዓሣ እንጂ ስለ ሌላ ማውራት ተወ።

መንጠቆው ላይ የሚያደርጉት ሥጋ ወይም ትል አይደለም። ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራች ትንሽ ዓሣ ናት። ወርውሮ ቀስ እያለ ክሩን ሲጠቀልል ጭራዋ ይርገበገባል፤ ትልቁ ዓሣ ነፍስ ያላት መስላው ይመጣላታል። እዚያ 'ጂቲ' የሚሉት ግዙፍ ዓሣ አለ፤ ጎልማሳ ሰው ለብቻው አያነሳውም።

"ሁለቴ ይዤው ሁለቴ በጠሰብኝ መርዋዬ። እሱን ሳልይዝ እንቅልፍ አይወስደኝም" ይለኛል።

የላስቲክ ዓሣዎቹ ቶሎ ይበጣጠሳሉ። አንዷን አመጣልኝ። እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም፤ ቅርጿን በጀሶ አወጣሁ። ከቆራሌው አሮጌ የላስቲክ ጫማ እየገዛሁ፣ አቅልጬ ማፍሰስ ጀመርኩ። ነጭ ሠራሁለት፣ ቀይ ሠራሁለት። ጂቲው ዞር ብሎም አላያቸው።

"ሰማያዊ ነው የሚፈልገው" አለኝ። "ሐሙስ እወጣለሁ። በናትሽ አንዲት እንኳ..."

ቆራሌው ሰማያዊ አልነበረውም።

ጊቢያችን ውስጥ ግን አንድ ሰማያዊ ጫማ ነበር።

አንድ እግር...

ያኤል የጎረቤቴ የአክሱማዊት ልጅ ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅ። ካቻምና ነሐሴ የሰፈራችን ወንዝ ሞልቶ ወሰዳት። አስከሬኗ አልተገኘም። የተገኘው የግራ እግር ጫማዋ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ማሰሪያው ላይ ነጭ አበባ ያለው።

አክሱማዊት ለቅሶ አልተቀመጠችም። ድንኳን ሊተክሉ የመጡትን የእድር ሰዎች ከበር መለሰቻቸው። በየማለዳው ያንን ጫማ ደጃፏ ላይ ታስቀምጣለች፣ ማታ ታስገባዋለች። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው።

"ስትመጣ ታደርገዋለች።"

ጊቢው ውስጥ ጫማውን የሚነካ የለም። ልጆች እንኳ ኳስ ሲጫወቱ ዞረው ነው የሚያልፉት።

እኔ ነካሁት።

ረቡዕ ጠዋት ከሱቅ ልክ እሱን የመሰለ አዲስ ጫማ ገዛሁ። አፈር አሸት አሸት አደረግሁበት። አክሱማዊት ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል ቀየርኩት። ለራሴም "ጫማ ጫማ ነው፤ በምን ትለየዋለች?" አልኩ።

ከዚህ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ድስቱ ውስጥ ሲቀልጥ ላስቲክ ላስቲክ አልሸተተም። ጭቃ ጭቃ ነው የሸተተው... የክረምት ጎርፍ።

ነጩ አበባ ደግሞ አልቀልጥ አለ። ምን አደረግሁ? ለዓሣዋ ዓይን አደረግሁላት። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ቆንጆ ስለሆነች ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ሃሩን ይዟት ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት አክሱማዊት እንደ ልማዷ የጫማውን ጫፍ ወደ ውጪ አድርጋ አስቀመጠችው። ከሰዓት ሳየው ጫፉ ወደ እኔ በር ዞሯል።

ልጆች ናቸው አልኩ።

ዓርብም ዞሮ አገኘሁት። ደግሞ ደረጃውን ወርዷል።

ቅዳሜ ጠዋት የጊቢው መሐል ላይ ነበር... ጫፉ ወደ እኔ በር።

አክሱማዊት አነሳችው። አገላበጠችው። ቀስ ብላ አጠገቤ መጣች።

"መርዋ።"

"አቤት።"

"ይሄ የሷ አይደለም።"



"የሷን ማን ወሰደው?" አለችኝ፤ በሹክሹክታ።

"እኔ... እኔ እንጃ።"

ያን ጊዜ እውነቱን ተናግሬ፣ ለሃሩን ደውዬ "አትጠቀምባት" ብለው ኖሮ... ግን ዋሸሁ። አፍሬ ነው የዋሸሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ እሱ ራሱ በቪዲዮ ደወለ።

ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ዘንጉን ይዞ ቆሟል። ሰው የለም። ድንጋይና ባሕር ብቻ።

"የእጅሽን ሥራ ልታዪ ነው!" አለ እየሳቀ።

"ሃሩንዬ፣ ሰማያዊዋን ተዋት። በሌላ አጥምድ።"

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የምናገረው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሳይሰማኝ ወረወራት።

ቀስ እያለ ጠቀለለ... ነቅነቅ አደረጋት... ጠቀለለ።

"ያ ረቢ!"

ስልኩን አንስቶ ውሃውን አሳየኝ። አራት ትልልቅ ዓሣዎች። ጀርባቸው ጥቁር። ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ... ላስቲኳን አጅበው ይመጣሉ። አንዱም አይነክሳትም። እሱ መጠቅለል ሲያቆም እነሱም ይቆማሉ።

"እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም" አለ። ሳቁ ጠፍቷል።

ድንገት ዓሣዎቹ ተበተኑ።

ስልኩን መልሶ አስደገፈው።

"ምን ሆነ? ሃሩን?"

"ክሩ ላላ... እኔ እኮ አልጠቀልልም። እሷ ናት የምትመጣው።"

"ቁረጠው! ክሩን ቁረጠው!"

"ሌላ ላስቲክ አልያዝኩም" አለኝ።

ገና ለቅድሙ ነበር የሚመልስልኝ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እሱ ባሕሩን ያያል፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ደረቅ ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ እርጥብ ዱካ ወጣ። ትንሽዬ። የቀኝ እግር... የጫማ ዱካ።

ቀጥሎ የግራ እግር። አምስቱ ጣቶች አንድ በአንድ ይታያሉ።

ባዶ እግር።

ከዱካው በላይ ማንም የለም።

የሰፈራችን ወንዝ አቃቂ ይገባል። አቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ በረሃ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ይህንን ለራሴ እየደጋገምኩ ዱካው ወንድሜ አጠገብ ሲደርስ አየሁ።

ሃሩን ወደ ታች ተመለከተ።

አልደነገጠም። ፊቱ ራራ።

"አንቺ... የማን ልጅ ነሽ?"

ያኤልን ጊቢያችን ውስጥ ስንቴ አይቷታል፤ አላወቃትም።

"ለምን ታለቅሻለሽ? ማነው የወሰደብሽ?"

ክሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ላስቲክ አነሳ።

"ይቺ?"

ላስቲኳን ከመንጠቆው ሊያላቅቃት ታገለ፤ የመንጠቆው ጫፍ ተሰብሮ ውስጧ ቀረ። ጎንበስ ብሎ መዳፉ ላይ ዘረጋት። እስክታምኑኝ ድረስ መሐላ እገባለሁ... ዓይኔን ሳልነቅል ነበር የማየው። መዳፉ ባዶ ሆነ።

"ሃሩን ተመለስ! ወደ መኪናው ሂድ! በአላህ!"

"ቤት?" አለ፤ ለኔ ግን አይደለም። "የት ነው ቤታችሁ?... መካኒሳ?" ሳቅ አለ። "የኛ ሰፈር ልጅ ነሽ እንዴ!"

"ሃሩን!!"

"እሺ፣ አታልቅሺ። እኔ አደርስሻለሁ።"

እጁን ወደ ታች ዘረጋ፤ ልጅ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው። ጣቶቹ አንድ ነገር ይዘው ተጨበጡ። ከዚያ ወደ ውሃው መራመድ ጀመረ። ወደ መንገዱ አይደለም፤ ወደ ውሃው። እስከ ጉልበቱ። እስከ ወገቡ። በዝግታ፣ ከትንሽ ልጅ እርምጃ ጋር እየተካከለ።

የኔ ጩኸት ያን ጊዜ ደረሰ። በሱ ስልክ ወጥቶ ባዶው ድንጋይ ላይ ሲጮህ ራሴን ሰማሁት።

"ቁረጠው... ክሩን ቁረጠው... ሃሩን ተመለስ..."

አንድም ጊዜ ዞር አላለም።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ባሕር አየሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እሑድ የሥራ ጓደኛው ፊሊጶስ ደወለልኝ። ስልኩ ተገኝቷል፣ ዘንጉ ተገኝቷል፣ መኪናው እንደቆመ ነው። ሃሩን የለም።

"ጫማውስ?" አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

"ጫማ አላየንም እህቴ።"

ሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት አክሱማዊት ደጃፏ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ሰማያዊ ጫማ ይዛለች።

ሁለት እግር።

ጨው ደርቆባቸው ነጣ ነጣ ብለዋል። የግራው ሶል ላይ የተሰበረ የመንጠቆ ጫፍ ተሰክቷል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን እኔን አይደለም የምታየው። እግሬ ሥር ነው።

አቀርቅሬ አየሁ። ደጃፌ ላይ የሃሩን ነጠላ ጫማ አለ። ግራ እግር። ውሃ ያንጠባጥባል።

ላነሳው ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ። እጇ ይሞቃል።

"ተይው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሲመጣ ያደርገዋል።"

ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጃፏ ላይ ጫማ አታስቀምጥም።

አሁን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ጠዋት አወጣዋለሁ፣ ማታ አራግፌ አስገባዋለሁ። ሰው ለለቅሶ ሲመጣ ከበር እመልሳለሁ።

ትናንት ማታም ደህና አድርጌ አራግፌው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሳነሳው ውስጡ አሸዋ አለ... አሸዋው ላይ ደግሞ የተረገጠ የአምስት ጣት ምልክት።