የትናንቱ መስመር

«ትናንት ይሠራ ነበር እኮ! ወላሂ ይሠራ ነበር!»

ዙሀይራ ቲቸር ሠርከአዲስ በሚመሩት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክበብ ክፍል ቁልፉን ደግማ መታችው። ስክሪኑ ላይ ያው ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ፕሮግራሟ የስንዴ ቅጠል ፎቶ አይቶ ቢጫ ዋግ እንደያዘውና እንዳልያዘው ይናገራል። ስምንት ሰዓት ላይ የሲናና ገበሬዎች ሊያዩት ወደዚህ፣ ወደ ጎባ ይመጣሉ፤ አባቷም አብረዋቸው አሉ።

የክበብ ጓደኛዋ ዲማ ከጀርባዋ ሆኖ ጽሑፉን አነበበና ክው አለ። ፎቶውን የሚከፍተው ፎቶ አንባቢ የተሠራው ከአዲሱ ነምፓይ ጋር ነው፤ እዚህ ያለው ግን አሮጌው ነው ይላል። ነምፓይ ፎቶው ወደ ቁጥር ሲለወጥ ቁጥሮቹን የሚይዘው ፓኬጅ፣ ማለትም ዝግጁ የፕሮግራም ጥቅል ነው። ሁለቱንም በአንድ ፍላሽ የሰጧቸው ሮቤ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት መምህር ወንዶሰን ናቸው። «አብረው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ብቻ እንዳትቀይሩ» ብለዋቸው ነበር።

ዲማ ግን ትናንት፣ እሷን ሊያስደስት ብሎ፣ ከአጎቱ ልጅ ያገኘውን አዲስ ፎቶ አንባቢ በአሮጌው ፎቶ አንባቢ ላይ ጫነው። አዲስ ነገር መቼም ይሻላል ብሎ!

«እኔ ነኝ የነካካሁት» አለች ዙሀይራ ድምጿ ተሰብሮ። «ለቲቸር ሠርከአዲስ ነግሬ ስሜን ከዛሬው ዝግጅት ላሰርዝ ነው።»

«ተይ እንጂ አቦ! ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ልታጽናናኝ ነው አይደል?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ዲማ የሚያይበት ጠፋው። ከሞኒተሩ አጠገብ የክበቡ ደብተር በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ነገር የጫነ ሁሉ ቀኑን፣ የጫነውንና ስሙን ይጽፍበታል። የትናንቱ መስመር ባዶ ነው።

የግድግዳው ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። የአሮጌው ፎቶ አንባቢ ቅጂ መምህር ወንዶሰን ጋ አለ፤ ሮቤ ደርሶ ለመመለስ ጊዜው ይበቃል። ዲማ ጥፋቱን ሳይናገር ሄዶ ሊያመጣውም ይችላል።

ደብተሩን ሳብ አደረገና እስክሪብቶ አወጣ።

«ማል ጎታ? ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

በትናንቱ ባዶ መስመር ላይ «አዲስ ፎቶ አንባቢ» ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ቀጥሎ ስሙን። ከዚያ ደብተሩን ወደ እሷ አዞረላት።

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «ሮቤ! ሮቤ!» እያለ ይጣራል። ዲማ ግን አንብባ ቀና እስክትል እዚያው ቆሞ ጠበቃት።