የዘመኒት እንስራ

በአርዳምያ መንግሥት፣ በትንሣኤ ማግስት ረፋድ ላይ፣ ፊደላት ከብራና ተነሥተው ሄዱ። ካህናቱ እያነበቡ ሳሉ ጥቁሩም ቀዩም ቀለም እንደ ጉንዳን ሰልፍ ከየገጹ ወረደ፤ የመቅደሱን ደጃፍ አልፎ፣ ሜዳውንና በረሃውን አቋርጦ ወደ ቆርማ ተራራ ዋሻ ገባ። ንጉሡ የታቀፉት ቅዱስ መጽሐፍ ባዶ ቆዳ ሆኖ ቀረ።

«ይህ የነቀዞ ሥራ ነው» አሉ በዕድሜ የገፉት መነኩሴ አባ ጽጌ። «ነቀዞ የሰውን ዕውቀት የሚበላ ዘንዶ ነው። የበላውንም ብታስተፉት ፊደል በወርቅ ዕቃ አያድርም፤ ያቃጥለዋል። የሚያድረው በሸክላ ብቻ ነው።»

ንጉሡ ሄርዳምን አስጠሩ። ሄርዳም ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ቢሆንም ሰባ መጻሕፍት በቃሉ የሚወጣ፣ በጉባኤ ተከራክሮ የረታው የሌለ ሊቅ ነበር። እጁን በመስቀል ላይ አኑሮ «ፊደላቱን ሳልይዝ ብመለስ፣ ስሜ ከሕያዋን መዝገብ ይፋቅ!» ሲል ማለ።

ፊደላቱ የሚያድሩበትን እንስራ ሠርታ የምትሸከመው ዘመኒት ነበረች፤ ከከተማው ውጭ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች ወገን የሆነች ወጣት። በአርዳምያ ሰው ሁሉ በእነርሱ ማሰሮ ያበስላል፤ ከእነርሱ ጋር ግን አይበላም።

ሄርዳም ሰይፍ ታጥቆ ከፊት በበቅሎ፣ ዘመኒት ከኋላ በእግሯ ሆነው አመዳሙን በረሃ ተያያዙት። በሁለተኛው ቀን የሄርዳም የውኃ አቁማዳ በእሾኽ ተቀደደ። እኩለ ቀን ሲሆን ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። ዘመኒት የውኃ ቅሏን ብትዘረጋለት አፉን በነጠላው ሸፈነ።

«ከእናንተ እጅ አልጠጣም» አላት።

ቅሉን ድንጋይ ላይ አኖረችና ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። «ማንም አያይዎትም ጌታዬ፤ እኔም አላይም» አለችው።

ጠጣ። አላመሰገናትም። ያን ምሽት ጸሎቱን ሲያደርስ «ሰውን ሁሉ በመልክህ የፈጠርህ» ከሚለው ላይ ድምፁ ተሰናከለ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ አለፈው።

በሦስተኛው ቀን ከዋሻው ገቡ። ከእንሽላሊት የማይበልጥ፣ ከንፈሩ በቀለም የጠቆረ ፍጡር ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሄርዳም ሳቀ።

«እኔ ሄርዳም ነኝ! ሰባ መጻሕፍት በልቤ አሉ። አንተ ትል፣ ከፊቴ ተንበርከክ!»

ነቀዞ ወዲያው ውሻ አከለ። ሄርዳም የረታቸውን ሊቃውንት ስም መዘርዘር ጀመረ፤ ዘንዶው በሬ አከለ።

«ጌታዬ፣ ዝም ይበሉ!» ብላ ጮኸች ዘመኒት። «በኩራትዎ ነው የሚያድገው!»

እውነቷን እንደሆነ ገባው። መግባቱ ግን ይበልጥ አናደደው፤ እርሱ ያላየውን እርሷ አይታለችና።

«ጭቃ አቡኪ! አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪ?»

በዚህ ቃል ዘንዶው ዋሻውን ሞላው። አፉን ከፍቶ ሲወረወር ዘመኒት እንስራዋን አስቀምጣ ከመካከል ገባች። ጥርሱ ደረቷን ወጋው።

ሄርዳም ሰይፉን ጥሎ ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ» አለ፣ «አንተ የደቀ መዛሙርትህን እግር አጠብህ፤ እኔ ከእኅቴ እጅ ውኃ ተጸየፍሁ። አላውቅም። ምንም አላውቅም።» በዕድሜው «አላውቅም» ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። እያለቀሰ በደጋገመው ቁጥር ነቀዞ እየኮሰመነ፣ የዋጠውን እየተፋ ሄደ፤ በመጨረሻም እንሽላሊት ሲያክል ሄርዳም በተረከዙ ቀጠቀጠው። ቀለሙ ሁሉ እየተንዠቀዠቀ ወደ እንስራው ገባ።

«እንስራውን ከአንገቱ አይያዙት» አለች ዘመኒት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ከሥሩ ይደግፉት።»

«ይቅር በይኝ፣ እኅቴ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለች አልሰማም። ጆሮውን አስጠግቶ ሲጠብቅ ዐይኗ ቆመ።

በድኗን በበቅሎው ጭኖ፣ እንስራውን አቅፎ፣ በእግሩ ተመለሰ። ፊደላት ወደየገጻቸው ገቡ፤ ነጋሪት ተጎሰመ። ንጉሡ ካባ ሊደርቡለት ቢነሡ፣ ዘመኒት በመቅደሱ ቅጥር እንድትቀበር ብቻ ለመነ።

«ሸክላ ሠሪ እዚህ ተቀብሮ አያውቅም» አሉ ሊቀ ካህናቱ። «ሥርዓት ነው።»

ሄርዳም ወደ ጉባኤው ዞረ። «እግዚአብሔር አዳምን ከምን አበጀው? ከጭቃ አይደለምን? እንግዲያስ የመጀመሪያው ሸክላ ሠሪ ማን ነበር? ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀው ነበር፤ አባቶቼ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ባወቅሁት ሳልኖር እርሷን አስገደልኋት።»

ብዙዎች ተቆጥተው ወጡ። አባ ጽጌ ዶማ አንሥተው መቆፈር ጀመሩ፤ ንጉሡም ሳይወጡ አብረዋቸው ቀሩ።

የዘመኒት እናት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ መግባት እንደሚቻል አላወቀችም። ሄርዳም ሄዶ እጇን ይዞ አስገባት።

«ጌታዬ» አለችው ከመቃብሩ አፋፍ ላይ፣ «ልጄ ፈርታ ነበር?»

«ፈርታ ነበር፣ እናቴ» አላት። «ግን አልሸሸችም።»