በሁዳዴ የተከፈተ ዘፈን

«ሙዚቃውን ቀንሰው!»

ለግዛቸው የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አሰላ ፍርድ ቤት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው፤ ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ሳልደላደል ጆሮዬ ሊደነቁር ደረሰ። በመስታወቱ አየኝና ሳቀ።

«ኦሮምኛ ትሰሚያለሽ?»

«አልሰማም!»

«ዘፈኑ ‹ቀስ ብለሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ› ነው የሚለው። ክፉ ነገር አለው?»

«እኔ ቸኩያለሁ!»

ቀነሰልኝ። በማግስቱ ግን ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ በሦስተኛው ቀን እኔው ራሴ «ያ ዘፈን የት ሄደ?» አልኩት። በዓመቱ ተጋባን።

ልጃችን ግን ቀስ ብላ አልመጣችም። ሁዳዴ እንደገባ፣ ገና በሰባት ወሯ ተወለደች። መዳፍ የምታክል ልጅ! ማሞቂያ ውስጥ አስገቧትና በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አደረጉላት።

«የእናት ወተት መድኃኒቷ ነው» አለችኝ ሲስተር ነቢላ። «እያለብሽ በኩባያ አምጪልኝ።»

ወተቱ ግን እምቢ አለ። ብጨምቀው፣ ባሸው... ጠብታ! የእናቶች ክፍል ወንድ አይገባም፣ ስልክም ክልክል ነው። መቀመጥ አቃተኝ፤ ኩባያዬን ይዤ ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው። የግዛቸው እናት እትዬ አፀደ ያስታምሙኛል።

«እባክሽ ቁጭ በይ ልጄ፤ ወገብሽ ገና አልጠናም።»

«እሷ እዚያ ተኝታ እንዴት ልቀመጥ?»

አንድ ቀን ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ዘፈን ተለቀቀ። ያ ዘፈን! ያውም እስከ ጥጉ ተከፍቶ። ግዛቸው በጾም ዘፈን አይነካም፤ ሁዳዴ ከገባ ባጃጁ ውስጥ ከመዝሙር ሌላ አይሰማም። እትዬ አፀደ አማተቡ።

«የኔው ልጅ ነው? በሁዳዴ?»

መስኮቱን በርግጄ ከፈትኩት። ባጃጁ ላይ ተደግፎ ሽቅብ እያየኝ ፈገግ ይላል።

«ልጅህ በሞትና በሕይወት መሃል ሆና አንተ ዘፈን አማረህ?»

«ወይኒዬ፣ ዝም ብለሽ ስሚ...»

«ዝጋው! ሂድልኝ! ዓይንህን እንዳላይ!»

ፈገግታው ጠፋ። ዘጋውና ሄደ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብታዋም ቀረች።

ሲስተር ነቢላ ባዶውን ኩባያ አየች፣ እኔን አየች።

«ዘፈኑ አልመጣም እንዴ?»

«ምን ዘፈን?»

«ወይኒ... እኔ ነኝ ክፈትላት ያልኩት። ጭንቀት ወተት ይይዛል። የሚወዱትን ዘፈን ሰምተው ቀለል ያላቸውን እናቶች አይቻለሁ። ምን ትወዳለች ስለው ይሄን ነገረኝ። ‹ጾም ነው፣ ግን ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ እሷ ብቻ ትረፍልኝ› አለ። እንዳይነግርሽም የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ካወቅሽ ኩባያውን እያየሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ።»

ምን አልኩት? ዓይንህን እንዳላይ! ቢቀየመኝስ? ባይመለስስ? መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ መንገዱን ባይ ባይ ጋሪ ብቻ ያልፋል። እትዬ አፀደ ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ልጄን ላመጣ ነዋ!»

በር በር ሳይ ቆይቼ የባጃጁን ድምፅ ሰማሁ። እናቱን ከኋላ ጭኖ መጣ። ዘፈኑ ተከፍቷል፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ የፈራ ሰው እንደሚያደርገው።

«ግዛቸው!»

«አቤት!» ቀና አላለም።

«ይቅር በለኝ... ጨምረው!»

ዞሮ እናቱን አየ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አሉ እትዬ አፀደ። «ጨምር ተባልክ እኮ!»

ሳቅኩ። ከወለድኩ ጀምሮ ያን ቀን ገና መሳቄ ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ትከሻዬ ወረደ፣ እንባዬም መጣ። ከእንባዬ ጋር ወተቱ ጠብ... ጠብ... አለና ኩባያው ውስጥ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሲስተር ነቢላ «አልሐምዱሊላህ!» ስትል እታች ድረስ ተሰማ። ግዛቸው በየቀኑ እየመጣ ዘፈኑን ከፈተልኝ፤ ልጃችንም ቱቦው ወጥቶላት ጡቴን የያዘችው ያው ዘፈን እየተሰማ ነው።

ግዛቸው ለንስሐ አባቱ ተናግሮ የታዘዘውን ስግደት ከፋሲካ በፊት ጨረሰ። «ግማሹ የኔ ነበር እኮ» ስለው «አንቺ አጥቢ» አለኝ።

ልጃችንን ደረቴ ላይ አቅፌ የወጣሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ባጃጁ ጸጥ ብሏል።

«ለምን ዘጋኸው?»

«ተኝታለች ብዬ ነዋ።»

«ክፈተው።»

ከፈተው። ያቺ ሚጢጢ አፍ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ መጥባት መጥባት አለች!

«ግዛቸው፣ እያት!»

በመስታወቱ ተመለከተን፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። «አልቸኮልኩም።»