ከጀርባው የተለካ ማዕበል

ወንድሜን ዴስ ሃሎራንን ሞቶ ያገኘው ኔቪል ነው። ጎህ ሲቀድ ውሻውን አስከትሎ ወደ ባሕር ዳርቻው ደቡባዊ ጥግ ሲወርድ፣ ዴስ ቁምጣውን ብቻ ለብሶ ውሃው አፍ ላይ ተጋድሞ ነበር። የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላው ከቁርጭምጭሚቱ ጋር በገመድ ታስሮ፣ ውሃው በተመለሰ ቁጥር እግሩን ይጎትተው ነበር። ኔቪል መጀመሪያ ያደረገው ገመዱን መፍታት ነው። ማስረጃ አበላሸህ ሲባል፣ እንዲያርፍ ብዬ ነው አለ።

በባሕር ዳር መንደራችን በብሪግስ ሄድ ዴስን የማያውቅ አልነበረም። በነፍስ አድን ክበቡ በረንዳ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን ባሕር በጠመኔ የሚጽፈው እሱ ነበር፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማዕበሉ ስንት ጫማ እንደሆነ፣ ሰውን ወደ ጥልቁ የሚስበው ውሃ የት እንዳለ። እግሩን ባሕር ውስጥ ሳይነክር አንዲት ቃል አይጽፍም። በዚያ ጠዋት ሰሌዳው «ሰሜን ምሥራቅ ነፋስ። አራት ጫማ።» ይል ነበር። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ነገር አመንን፤ ዴስ እንደ ልማዱ በማለዳ ጽፎ፣ ብቻውን ገብቶ፣ ልቡ ከዳው።

ይህ እምነት ልጁን ብሮንዊንን ሊገድላት ደረሰ። በዚያ ጠዋት ባሕሩን ለዋናተኞች የመክፈት ተራ የእሷ ነበር። የመዋኛውን ክልል የሚያሳዩትን ባንዲራዎች ተክላ የነፍስ አድኖቹ ማማ ላይ መቀመጥ ሲገባት እንቅልፍ ጥሏት አረፈደች። በዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሰዎች እሷን ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሱ ጀመር። የክበቡን ሸሚዝ አጥባ፣ ተኩሳ ለኔቪል መለሰችለት። ከዚያ እኔ ቤት መጥታ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች። «አክስቴ፣ እዚያ ብሆን አየው ነበር» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

መርማሪዋ ሳጅን ቬራ ማቲች የመጣችው አስከሬኑ ሳይነሳ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለች። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር የሞተበትን ሰዓት ቆርጦ መናገር እንደማይችል ሐኪሙ ነገራት። እሷ ግን ዓይኗን ከዴስ አንገት አላነሳችም። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው በአለንጋ እንደተገረፈ ቀልቶ አብጦ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ኔቪልን ጠየቀችው።

«ሰማያዊ ጠርሙስ ነዋ፣ ሳጅን። ፊኛ የሚመስሉት የባሕር እንስሳት። የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሳምንቱን ሙሉ ሲነዳቸው ሰነበተ። ክራቸው ያቃጥላል።»

«ዛሬስ አሉ?»

ኔቪል ባሕሩን ቃኘ። «የሉም። ሌሊት የደቡቡ ነፋስ ገብቶ ጠራርጓቸዋል።»

ቬራ ተነስታ ወደ ዴስ ቤት ሄደች። ጓሮው ውስጥ የጎማ የባሕር ልብሱ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በጣቶቿ ጨመቀችው፤ ደረቅ ነው። ዴስ ብቻውን ይኖር ስለነበር ማታ አለመግባቱን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንድ በአንድ አነጋገረችን። ኔቪል የክበቡ ሊቀመንበር ነው፤ ጥቁሩን ሰሌዳ አውርዶ በቦታው የኤሌክትሪክ ስክሪን ሊሰቅል ፈልጎ ከዴስ ጋር ክፉኛ ተጣልቶ እንደነበር ሰምታለች። እሱም አልካደም። ዴስ በሰው ፊት «አንተ እኮ ዝናብ መዝነቡን ከስልክህ ካላነበብክ ጃንጥላ አትዘረጋም» እንዳለውና ከዚያ ወዲህ እንዳልተነጋገሩ ነግሯት፣ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

ሮሪ የብሮንዊን እጮኛ ነው፤ ባሕር ከሌለበት ሩቅ የስንዴ አገር መጥቶ፣ መንሸራተትን ከዴስ ተምሮ፣ ዛሬ እሱ ራሱ ጎብኚዎችን ያስተምራል። እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሶ መጣ። በዋዜማው ምሽት ቤት እንደነበረ፣ ዴስን እንደ አባቱ እንደሚያየው ተናገረ። ይህን ሲል አልዋሸም።

ብሮንዊን ለምን እንዳረፈደች ስትጠየቅ አፈረች። «ተጣልተን ነው። ከሥራ ስገባ ሮሪ ሙቅ ውሃውን አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጨርሶታል። ለማይረባ ነገር ጮህኩበትና ሳሎን ተኛሁ። ስልኬ መኝታ ቤት ቀረ፤ ማንቂያው ሲደውል አልሰማሁትም።»

ለሦስቱም መጨረሻ ላይ ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በዚያ ምሽት ደቡቡ ጥግ ላይ ማዕበሉ ስንት ጫማ ነበር? ኔቪል ሁለት አለ። ብሮንዊን ከሥራ ስትመለስ ከመንገዱ እንዳየችው ተናግራ፣ ሁለት አለች። ሮሪ ቤት ብሆንም በመስኮት ይታየኛል ብሎ፣ አራት ገደማ አለ።

ከቀብሩ በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ቬራ ሁላችንንም ክበቡ በረንዳ ላይ ሰበሰበችን። ሰሌዳውን ማንም አልነካውም ነበር። ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ቆመች።

«ዴስ በማለዳ አልሞተም» አለች። «ሰማያዊ ጠርሙሶቹ የነደፉት በሕይወት እያለ ነው፤ ሬሳ እንደዚያ አያብጥም። ጠዋት ደግሞ ባሕሩ ውስጥ አልነበሩም። የሞተው የደቡቡ ነፋስ ሳይገባ፣ በዋዜማው ምሽት ነው። ብሮንዊን፣ አንቺ በሰዓቱ ብትመጪም የምታገኚው ሬሳውን ነበር።»

ብሮንዊን እጄን ያዘች። አጥንቴ እስኪያመኝ ጨመቀችው።

«ሊንሸራተትም አልገባም። የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲሰነብት ፀሐዩ ቢያቃጥልም ውሃው እንደ በረዶ እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጎማ ልብሱን ሳይለብስ በቁምጣ የሚገባው ለመልበስ ጊዜ ካጣ ብቻ ነው። አንድ ሰው እየሰመጠ ነበር።»

«ታዲያ መንሸራተቻውስ?» አለ ኔቪል።

«ከሞተ በኋላ የታሰረ ነው። ሰሌዳውንም የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ዴስ ጠዋት እግሩን ነክሮ ቢጽፍ ደቡብ ነፋስ ይል ነበር። የጻፈው ሰው በምሽቱ ያየውን ጻፈ፤ የአየር ትንበያው ነፋሱ በማግስቱ እኩለ ቀን ይዞራል ብሎ ስለነበር ጠዋት የሚዛመድ መስሎታል። አሁን፣ ኔቪል፣ እዚህ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«አራት» አለ፤ ከዚያ ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሁሉ ፊቱ ተለወጠ። «ዴስ እንዲህ አይጽፍም። እኛ ማዕበልን ከጀርባው ነው የምንለካው። ከፊት ለፊቱ ሲታይ እጥፍ ይሆናል። አራት የሚለው ከፊት የሚለካ ሰው ነው።»

ቬራ ወደ ሮሪ ዞረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሰማያዊ ጠርሙስ የነደፈው ሰው ሕመሙ እስኪለቀው ሙቅ ውሃ ሥር ይቆማል። እጅጌህን ሰብስብልኝ።»

ሮሪ አልተቃወመም። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ቀይ ሰንበሮች ተጠማዝዘው ነበር።

ቀስ እያለ ተናገረ። ባንዲራዎቹ ከወረዱ በኋላ ብቻውን ገባ። የመንሸራተቻው ገመድ ተበጠሰ፤ ውሃው ወደ ጥልቁ ወሰደው። ዴስ እንደ ልማዱ ጀምበር ስትጠልቅ ባሕሩን ሊያይ መጥቶ ነበር።

«አውጥቶኝ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ሳቀብኝም። ከዚያ በጎኑ ወደቀ። እጄ እስኪዝል ደረቱን ተጫንኩ። አልተመለሰም።»

«ለምን ሰው አልጠራህም?» አለች ቬራ።

«በሞተበት ቀን ጠዋት ሰሌዳው ላይ ምን ጽፎ እንደነበር ታውቂያለሽ? ደቡቡ ጥግ አትግቡ ብሎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ያንን በሹራቤ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። መንሸራተቻውንም ከጓሮው አምጥቼ እግሩ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ።» ወደ ብሮንዊን ማየት አቃተው። «አባትሽን የወሰድኩብሽ ሆኜ እንዳታዪኝ ነው። በራሱ ጊዜ የገባ ቢመስል ማንም አይወቀስም ብዬ። ተራው የአንቺ መሆኑ ትዝ አላለኝም።»

«ይሄን ሁሉ ቀን እኔ ነኝ የገደልኩት ስል ሰምተኸኛል» አለች ብሮንዊን። «ሻይ አፍልተህ ሰጥተኸኛል፣ ሮሪ።»

ቬራ ክንዱን ይዛ ልታስነሳው ስትል ብሮንዊን በእጇ አስቆመቻት። «አባቴ ውሃው ውስጥ ምን አለህ?»

«"ሰውነትህን ልቀቀው፣ ልጄ" አለኝ። "አትታገለው፤ ራሱ ይመልሰናል።"»

ብሮንዊን ያን ጊዜ አለቀሰች፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጅ ሳለች ዋና ሲያስተምራትም የሚላት ይህንኑ ነበር።

በቀብሩ ማለዳ ወደ ክበቡ ስሄድ ቀድማኝ ደርሳለች። ጫማዋን እጇ ላይ ይዛ ከባሕሩ እየወጣች ነበር፤ የጥቁር ልብሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ኔቪል በረንዳው ላይ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ይዞ ቆሞ፣ «ስንት ነው፣ ልጄ?» አላት።

ዞር ብላ ማዕበሉን አየች። እኔ ከቆምኩበት ከሰው ትከሻ በላይ ነበር።

«ሁለት፣ አጎት ኔቪል» አለችና ጠመኔውን አነሳች።

ደቡብ ነፋስ ብላ ጻፈች። ሁለት ጫማ። ውሃው ይቀዘቅዛል። ከዚያ የሮሪ ሹራብ ያጠፋውን መልሳ ጻፈችው፤ ደቡቡ ጥግ አትግቡ።