የባለካፖርቱ ቁርጭምጭሚት

ባለታንኳው ኢንስፔክተር ሰገንን የካሴ ቤት ደረጃ ላይ አወረዳትና «ማዕበሉ ካልረገበ አልመለስም፤ ራስዎን ይጠብቁ» ብሎ ቀዘፈ። ባልደረቦቿ ሁሉ ጎርፍ የከበበውን ሰው ለማውጣት በየቀበሌው ተበትነዋል። እሷ የዚህ ሬሳ ጥሪ ደርሷት ብቻዋን መጣች።

ቤቱ ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሜዳው ላይ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱን ውሃ ውጦታል። ክረምቱ ፎገራን እንዲህ ሲያደርግ ላየ ሰው፣ ቤቱ ባሕር ላይ የተረሳ ሳጥን ይመስላል።

ካሴ የደረጃው አፍ ላይ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ሰገን ተንበርክካ ገለጠችው። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ከውሃው በላይ በቀረው የሲሚንቶ እርከን ጠርዝ ላይም ደም አለ። የጨበጠውን እጁን ስትፈለቅቅ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ጨርቅ አገኘች። ስፌቷ ከመድቀቁ የተነሳ የሰው ልብስ አትመስልም። በመሀረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት።

ቀና ስትል፣ ከውሃው ማዶ የመኪናው መንገድ ላይ ሰዎች ቆመው አየች። ጠመንጃ ያነገቱ አሉባቸው።

«ወንድሞቹ ናቸው» አለ ከኋላዋ የቆመው ጎልማሳ፤ ዘመነ ይባላል፤ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ነው። «ታላቅየው አንለይ ነው፤ ያ ነጭ ኩታ የለበሰው። ውሃው እስከ ወገብ ሲጎድልላቸው ይሻገራሉ።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ ደወልኩ። የወንድም ሞት ይደበቃል እንዴ? የአዲስ አበባው ልጅ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሬሳውን ሲጎትት አገኘሁት አልኳቸው። ያየሁት ይኸው ነው።»

ደም መመለስ ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው አይነገረውም። ውሃው ለጊዜው ልጁን አጥሮለታል፤ ሲጎድል ግን አጥሩም አብሮ ይሄዳል። ሰገን ደግሞ አንድ ሽጉጥ ይዛ መሀል ላይ ናት።

ልጁ ነፃነት ይባላል። በፊልም ጀግኖች አምሳል የተሠሩ አሻንጉሊት ምስሎችን እየመረመረ ጥሩውንና ጉድለቱን የሚናገር፣ በስልኩም እየቀረጸ ለወዳጆቹ የሚያሳይ ነው። ካሴ ሊሸጠው ያሰበውን ምስል ሊያይ መጥቶ ጎርፍ ያዘው። አሁን ጥግ ላይ እስከ ደረቱ ርሶ ይንቀጠቀጣል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ውሃ ነክቷል፣ ባዕድ ነው፣ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ዘመነን ወደ ሰገነቱ ጠራችው።

«ጋሽ ዘመነ፣ እዚህ ምን አመጣዎት?»

«ጓደኛዬን ልጠይቅ። ምሳ ሰዓት ላይ ውሃው ሳይጠና አቋርጬ ደረስኩ። እንግዳው ምስሉን ሲመረምር አልነበርኩም። በልተን ጋደም አልን፤ የልጁ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ከካሴ ጋር ቪዲዮ ቤት ነበራችሁ አሉ።»

ዘመነ ፊቱ በራ። «እሱ ያሳያል፣ እኔ በማይክ እተረጉማለሁ። ባለካፖርቱ ጀግና በአማርኛ ሲፎክር ድምፁ እኔ ነበርኩ። የወረታ ሰው እየሰማኝ ሲያለቅስ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ካሴ ምስሉን ሊሸጠው ነበር። አልከፋዎትም?»

«ለአሻንጉሊት? ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላልቶ መቆም ያቃተው ነገር ምን ያደርግልኛል። ደግሞ ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ዐይኔ አላረፈበትም።»

ሰገን አመስግና አሰናበተችው።

የሟቹ ሚስት አገኘሁሽ ከጎርፍ የተረፉትን የሩዝ ጆንያዎች ተደግፋ ተቀምጣለች። አንዱ ጆንያ አፉ ተፈቷል።

«እትዬ አገኘሁሽ፣ እግዜር ያጥናዎት። ምስሉ የት ነው ያለው?»

«ሳጥኑ ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ። ልጁ አይቶ ሲጨርስ ካሴ ራሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ማን ይነካዋል? እኔስ ጠላሁት ልጄ። ሳጥኑን ሲከፍት የልጆቹን ስም ይረሳ ነበር። ውሃው ቢወስደው እልል ባልኩ ነበር፤ ባሌን ወሰደና እሱን ተወልኝ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ሰገን ሳጥኑን አውርዳ ነፃነት ፊት አስቀመጠችው።

«ጠዋት የቀረጽከውን አሳየኝ።»

ልጁ ስልኩን ከፈተ። ምስሉ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። የነፃነት ድምፅ ይሰማል፦ «ጥሩውን ላስቀድም። ፊቱ የተዋናዩ ቁርጥ ነው፤ ሞኝ ፈገግታ አልሳሉበትም። ካፖርቱ በእጅ የተሰፋ ነው። መገጣጠሚያው ጥብቅ ነው፤ ይኸው ያለ መደገፊያ በግራ እግሩ ብቻ ቆመ። ጉድለቱ ደግሞ፣ ቀኝ ቅንድቡ ቀለሙ ለቋል፤ የሚቀያየርለት ጭብጥ እጁም ጠፍቷል።» ከካሜራው ጀርባ ካሴ «እኔም ቅንድቤ ለቋል» ሲል ይስቃል። አገኘሁሽ ድምፁን ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አሁን ደግሞ እንደ አዲስ መርምረው» አለች ሰገን።

ነፃነት ምስሉን ሲያወጣው መንቀጥቀጡ ተወው። ሥራ ደግ ነው፤ ፍርሃትን ለጥቂት ጊዜ ያስረሳል።

«ይሄ ጠዋት ያየሁት አይደለም… ማለቴ ራሱ ነው፣ ግን ተጎድቷል። እጅጌው ተቀዷል። ካፖርቱ ውስጡ ርጥብ ነው። ጉንጩ ተፍቋል። ጉልበቱ ሲታጠፍ ይንኳኳል፤ የሆነ ነገር ገብቶበታል።» በጥፍሩ ጎርጉሮ ብጫማ ገለፈት አወጣ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ያልተፈተገ ሩዝ። አቁመው እስቲ።»

አቆመው። ባለካፖርቱ በግራ በኩል ተንገዳግዶ ተደፋ።

ሰገን ወደ ማዶ ተመለከተች። አንለይ ኩታውን አውልቆ ወገቡ ላይ አስሯል። አንዱ ወንድሙ በዱላ ውሃውን ይለካል። ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም ሰብስባ ካሴ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ካሴ ሲወድቅ ይህ በእጁ ነበር» ብላ ጨርቋን ከተቀደደው እጅጌ ጋር ገጠመቻት። ልክክ አለች። «እንግዲህ ምስሉ ከሳጥኑ ወጥቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ተጓተቱበት፤ ካሴ ወደ ኋላ ወድቆ እርከኑ ማጅራቱን መታው፤ እሱም ምስሉም ውሃ ውስጥ ገቡ። ታዲያ ውሃ የገባው ምስል ማን አወጣው? እዚህ አገር ስልክም ይራስ ሰዓት፣ እናቶቻችን እንዳሳዩን ሩዝ ውስጥ እንቀብራለን፤ እጃችን ሳናስበው ይሄዳል። ምስሉንም አንድ ሰው እዚያ ጆንያ ውስጥ ቀበረው፣ በጩኸቱ መሀል አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። ነፃነት፣ አንተ ብትሆን?»

«እኔ? ገለፈቱ ቀለሙን ይፍቀዋል። በጨርቅ ነው የማደርቀው። ሩዝ ውስጥስ አልከተውም።»

«እትዬ አገኘሁሽ ደግሞ ውሃው ይውሰደው የሚሉ ናቸው፤ ሊያድኑት አይጎነበሱም።» ወደ ዘመነ ዞረች። «ጋሽ ዘመነ፣ ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አላየሁትም አሉኝ። ግራ ቁርጭምጭሚቱ መላላቱንም ነገሩኝ። ጠዋት ግን በዚያው እግሩ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ይኸው ተቀርጿል። የላላው ሲወድቅ ነው። ከወደቀ በኋላ ያልነካው ሰው ይህን ከየት ያውቃል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ውሃው ምድር ቤት ውስጥ ጣሳ ከግድግዳ ጋር ሲያማታ ይሰማል።

«አትሽጠው ብዬ ለመንኩት» አለ ዘመነ በመጨረሻ። «እኔ የሌለሁበት ባለካፖርቱ ምንድን ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ሰው የመጣው ሊያየው ነው እንጂ አንተን ሊሰማ መሰለህ?› አለኝ። ነጠቅኩት፣ ያዘው፣ ገፋሁት።»

«ከዚያስ ካሴን ለምን አላወጡትም?» አለች አገኘሁሽ።

«ተነስቶ የሚወጣ መስሎኝ…» ድምፁ ተሰበረ። «መጀመሪያ ምስሉን ነው ያነሳሁት፣ እትዬ። ስመለስ አይንቀሳቀስም።»

አገኘሁሽ አትኩራ አየችውና ጋቢውን የካሴ ፊት ላይ መለሰችው። ሰገን ግን ስልኳን ለዘመነ ዘረጋችለት።

«ጥርጣሬውን ልጁ ላይ የጣሉት እርስዎ ነዎት። ለወንድሞቹ ደውለው ያንሱለት።»

ዘመነ ደወለ። ማዶ አንለይ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ይታያል።

«አያ አንለይ፣ ልጁ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አንለይ ስልኩን እንደያዘ አጎነበሰ። «ከአንድ መሶብ በልተናል እኮ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያም «ለኢንስፔክተሯ ስጣት።»

«ልጁ በሰላም ይለፍ፤ መንገድ እንለቃለን፤ በእናቴ አጥንት» አላት አንለይ። «ስለ ዘመነ ግን ቃል አልሰጥዎትም።»

ነፃነት የሰማውን ሲረዳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ዘመነ ዐይኑን ከውሃው ሳይነቅል ሁለት እጁን ወደ ሰገን ዘረጋ። የአንዱን እጁን አንጓ ካቴና ውስጥ አስገብታ ሁለተኛውን ልትደግም ስትል ያዛት።

«ሌላኛውን በእርስዎ እጅ ያድርጉት» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ አጠገቤ እያሉ ደፍረው አይተኩሱም።»

ሰገን ፈራች። ልጆቿን አሰበች፤ ማዶ ያሉትን ጠመንጃዎች አየች። ቀጥላ ሁለተኛውን ቀለበት የገዛ እጇ ላይ ቆለፈችና፣ ከዘመነ ጎን የደረጃው አፍ ላይ ተቀምጣ ውሃው ሲጎድል ትጠብቅ ጀመር።