ዲዳው ሽፍታ የተናገረ እሁድ

ይሄ ተረት አይደለም። በእኔ በራሴ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በድምፅ ቀድተህ ላክልን» ብላችሁኛል። አልችልም። ከየት ሆኜ እንደምጽፍም አትጠይቁኝ።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጪ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው፤ እኛ ግን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠናል።

ቦታው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ የፊልም ቤት ነው። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። በሩ ከስክሪኑ ጎን ነው። ከኋላ ጥግ ላይ የእኔና የባለቤቴ ጠረጴዛ አለች።

ሥራችን የህንድ ፊልም ማናገር ነው። የፊልሙን ድምፅ ቀንሰን በማይክ እኛ እንናገርላቸዋለን። ሴቶቹን በሙሉ እሷ፣ ወንዶቹን በሙሉ እኔ። ፖሊሱንም፣ ሌባውንም፣ ሽማግሌውንም ስለምሆን ሰዉ «አስር አፍ» ይለኛል።

ማይኩ አንድ ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ ደግሞ በዓይን መግባባት አይቻልም። ስለዚህ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የምንሠራው።

አንድ ጊዜ ጨበጥ ካደረገችኝ፣ «ተራው የኔ ነው» ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ «ተራው ያንተ ነው»።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ፊልሙ የድሮ የድብድብ ፊልም ነው፤ ሰው ሁሉ ደጋግሞ ያየው። አክተሩ ባቡር ነጂ ነው። ቆንጆ ሚስት አለችው። ባቡርና ቤት የሚዘርፍ አንድ ሽፍታ ደግሞ አለ... ዲዳ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ ባቡሩ ጣሪያ ላይ ከአክተሩ ጋር ተደባድቦ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ሬሳው አይገኝም።

እሱ ሲመጣ እኔ አርፋለሁ። ዲዳ ምን ይባልለታል?

ባለቤቴ ግን ዝም ብላ ማይክ የምትጨብጥ ሴት አይደለችም። ፊልሙን ቤት ውስጥ ታቆመዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ትመረምራለች። «ይሄ ሰው ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? እሱን ካላወቅን ድምፃችን ባዶ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ሽፍታው የአክተሩ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ አቆመችው።

«እየው እስቲ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወርቅ አልነካም።»

«ሚስቱን ፈልጎ ነዋ የገባው!»

«አይደለም። ዞር ብሎም አላያት። መጀመሪያ የሰውየው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዛ የተረፈውን ውሃ ጠጣለት። ከዛ ኮቱን ለበሰ። በየቤቱ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«እና ምን ይሁን?»

«የሚፈልገው ቦታውን ነው» አለች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ደግሞ... «ዓይኑ ግን ያሳዝናል። ለመናገር የጓጓ ሰው ዓይን ነው።»

ዓይኑ!

እኔ ፂሜን ከተላጨሁ ሰንብቻለሁ። እሷ ገና አላየችልኝም።

በምስል የሚቀና ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሆ።  ሽፍታው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እሷ ወደ ፊት ጠጋ ካለች ደሜ ይፈላል። ለሰው አይነገር ነገር፤ ቢነገር መሳቂያ ነው የምሆነው።

ወደዚያ እሁድ ልመልሳችሁ።

ሽፍታው ቤቱ ገባ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጨበጠችኝ።

ገረመኝ። «ዲዳ እኮ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ... ከድምፅ ማጉያው አንድ ድምፅ ወጣ። ጎርናና፣ ዝግ ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ።

«ወንበሩ... ገና ይሞቃል።»

ክው አልኩ። ማይኩ በእኔ እጅ ነው። ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም።

ሰዉ በፉጨት አቀለጠው። ፊልሙ ሲያልቅ የቤቱ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ ጀርባዬን መታኝ።

«አንተ አስር አፍ! ይሄን ድምፅ እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ነው? አስራ አንደኛው አፍህ ከሁሉም በለጠ!»

«ያው... እንግዲህ» አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። እንዲህ ከያዘችኝ ስንት ጊዜ ሆነ?

«ለምንድነው ለእኔ እንደዛ የማታወራልኝ?» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽ ሁለት ጊዜ የጨበጥሽኝ?»

«እኔ? ሽፍታው ገና ከመግባቱ እጄን ስቤ አፌ ላይ አድርጌ ነበር እኮ፣ ከጉጉቴ።»

 እኔ አይደለሁም የተናገርኩት ብላት፣ «ታዲያ ማነው?» ልትል ነው። እሱን ከእሷ አፍ መስማት አልፈለግሁም። የእሱን ምስጋና እኔ በላሁት። እውነት ለመናገር ጣፈጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ አቃጠለኝ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ የምትናፍቀው ሌላ ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ነገር ተበላሸ።

ግማሽ አድርጌ የተውኩት ሻይ... ስመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው።

ከሥራ ገብቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ... ይሞቃል።

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ኮት ጫፉ ረጥቧል። አሸተትኩት። ወንዝ ወንዝ ይላል። በአካባቢያችን ወንዝ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር። እኔ ግን ቀናሁ። ቅናት ዓይን የለውም።

«ማነው የሚመጣው?» ብዬ አፈጠጥኩባት።

«የት?»

«እዚህ! እኔ ስወጣ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው! ሻዬን የሚጠጣው!»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ሻይህን... ጠጣው?»

«ታውቂዋለሽ ማለት ነው!»

«ቆይ... ኮትህን ነካው? ኮትህን ለብሶታል ወይ?»

«ነገር አታዙሪብኝ! ማነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ የምነግርህን ስማኝ እንጂ! እኔን አይደለም የሚፈል—»

አላስጨረስኳትም። አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኳት። አለቀሰች። ከዛ እንባዋን ጠርጋ፣ «በቃ፣ ብቻህን ሥራ» አለችኝ።

ቀጣዩ እሁድ ደረሰ። ያው ዘጠኝ ሰዓት። ያው ፊልም፤ ሰዉ ሽፍታውን ሊሰማ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኮቴን ለመልበስ ፈልጌ አጣሁት። እሷ አልመጣችም።

መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ እንደጀመረ አጠገቤ ያለው ወንበር ሲጥ አለ። አንድ እጅ እጄን ያዘ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ታርቃኛለች! አጥብቄ ያዝኳት። ዛሬ ማንም አይነጥቀኝም አልኩ በልቤ።

እጇ ቀዝቅዟል። ረጥቧልም።

«ፊትሽን ታጥበሽ ነው የመጣሽው?» አልኩ በሹክሹክታ።



የአክተሩ ሚስት ስክሪኑ ላይ ወጣች። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጨበጠችኝ። ተራው ያንተ ነው።

«ሴት እኮ ናት... ያንቺ ናት።»

ሁለት ጊዜ።

ኩርፊያዋ አላለቀላትም ብዬ ድምፄን አቅጥኜ ሚስትየዋንም ሆንኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ እናትየዋ መጣች። ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ሁለት ጊዜ። በተናገርኩ ቁጥር ድምፄ እየሳሳ፣ ጉሮሮዬ እየደረቀ ሄደ። ማይኩን ከንፈሬ ላይ ለጥፌ እንኳ ራሴን በጭንቅ ነው የምሰማው።

ሽፍታው ቤቱ የሚገባበት ቦታ ደረሰ።

አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ።

በሩ ተከፈተ። የፊልሙ በር አይደለም... የእኛው፣ ስክሪኑ ጎን ያለው። የቀን ብርሃን ገባ። ባለቤቴ ቆማለች። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ሁለት እጆቿን አያቸዋለሁ። አንዱ በሩን ይዟል። አንዱ ደረቷ ላይ ነው።

የእኔ እጅ ግን አሁንም ተይዟል።

ወደ ጎን አልዞርኩም። መዞር አልቻልኩም። በዓይኔ ጠርዝ የኮቴ እጅጌ ታየኝ... ውሃ ያንጠባጥባል።

«አለህ?» ብላ ተጣራች ባለቤቴ፣ ወደ ጨለማው። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «አንተ... አለህ?»

አለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ትንፋሽ እንኳ።

ከድምፅ ማጉያው ግን ያ ጎርናና ድምፅ መለሰላት።

«አለሁ። ነይ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ሲለቃት አየሁ። ፈገግ አለች። እንዲያ ያለ ፈገግታ ለእኔ ሰጥታኝ አታውቅም። በሩን ዘጋችና በአግዳሚ ወንበሮቹ መሀል ወደ እኛ መምጣት ጀመረች።

ስክሪኑን አየሁ። ቤቱ አለ። የተረፈው ውሃ አለ። ሽፍታው ግን የለም። የአክተሩ ወንበር ባዶውን ቆሟል፤ ካሜራው ሳይነቃነቅ እሱ ላይ ብቻ ቆሞ ይጠብቃል።

ከዛ ያ ቀዝቃዛ እጅ... ቀስ ብሎ... ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ።