ዝም ያለው ደም

ፕሮፌሰሩ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በናይትሮጅን ክፍሉ ውስጥ ሞተው ተገኙ። በሁለት ትልልቅ የብረት ጋኖች መካከል፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለሚያያቸው ሰው አድካሚ ሥራ ጨርሰው ጥቂት አረፍ ያሉ ይመስሉ ነበር። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን ሳይሆን ቅናት ነው፤ እሷ እንደዚያ እግሯን ዘርግታ ከተቀመጠች ሁለት ዓመት አልፏታል።

በጣቢያው «ይደር» ይሏታል። ማንንም ሰው በተያዘበት ቀን ጥፋተኛ ብላ አታውቅም። «ይደር» ትላለች፤ ያድራል፤ አንዳንዴም ሳምንት ይሰነብታል። ወጣቱ የጣቢያ አዛዥ በዚህ ጠባይዋ የተነሳ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው እየሳሳ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። በጋኖቹ ውስጥ የብዙ ሰው ደም በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ናይትሮጅኑ ከተለቀቀ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሰው ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ይወድቃል። ግድግዳው ላይ የማስጠንቀቂያ ደወል የተሰቀለውም ለዚሁ ነው። የደወሉ ሶኬት ተነቅሏል። የአንደኛው ጋን ቱቦም ወለሉ ላይ ተለቋል።

ደወሉን በየጠዋቱ የሚፈትሹት የጋኖቹ ጠባቂ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ናይትሮጅን ሲሞሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸውና «በረዶ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈትሸው፣ ጭነት ለመቀበል ወደ ኋላ በር መሄዳቸውን ተናገሩ። መኪናው ዘግይቶ ስለነበር የሚመሰክርላቸው የለም።

አዛዡ ነገሩን ባጭሩ ቋጨው። «በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ዓርብ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ይቀርባሉ።»

«እስከዚያ ይደር» አለች መርማሪዋ።

«እትዬ፣ ዓርብ ማለት ዓርብ ነው።»

ሽማግሌው በፖሊስ መኪና ሄዱ። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል።

ያን ጠዋት በሕንፃው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የነበሩት የፕሮፌሰሩ ምክትል የሆነው ዶክተር እና «ጠብታ» የምትባለው ቴክኒሺያን ናቸው። ጠብታ ስሟን ያገኘችው ስትቀዳ ምንም ስለማታፈስ ነው፤ ያን ዕለት ግን እንባዋ አልቆም ብሏት ነበር። መርማሪዋ ሥራቸውን ስትጠይቃት አፍንጫዋን ጠርጋ አስረዳቻት። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሴል ውስጥ ይሸሸጋል። የተያዘው ሴል ግን የቫይረሱን ቁራጭ ወደ ውጭ አውጥቶ ያሳያል፤ ሌባ ቤቴ ገብቷል እንደማለት ነው። ያን ቁራጭ ለይተው የሚያውቁት የደም ጠባቂዎች፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት፣ ይባዛሉ፤ የተያዘውንም ሴል ከነሌባው ይገድሉታል። ቫይረሱ ሲጠፋ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ለዓመታት ይቆያሉ፣ ያስታውሳሉ።

«እንደኛ ቤት ጡረተኞች» አለች መርማሪዋ።

«የእናንተዎቹ ይረሳሉ፤ እነዚህ አይረሱም።»

የላቦራቶሪው ምርመራ የሚለካው ይህንኑ ማስታወስ ነው። የደሙን ሴሎች ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ከቫይረሱ ቁራጭ ጋር ያሳድሯቸዋል። ቫይረሱን ቀድሞ የሚያውቅ ቲ ሴል ካለ በአንድ ሌሊት ይነቃና ባለበት ቦታ ነጥብ ጥሎ ያድራል። ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ሰው ደም ጉድጓዱን ባዶ ይተወዋል። ለማነጻጸሪያ፣ ከፕሮፌሰሩ እስከ ጋን ጠባቂው፣ የቤቱ ሰዎች የራሳቸውን ደም ይሰጣሉ። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከፕሮፌሰሩ ደብተር ነው።

ጠብታ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባለፈው ዓርብ ከአራታችን የአንዱ ጉድጓድ በነጥብ ተሞልቶ አደረ። ቫይረሱ ከተማው ውስጥ የለም፤ ያለው እኛ ጋ፣ በተቆለፈው ጋን ውስጥ፣ በብልቃጥ ነው። ትናንት ጋሼ ፕሮፌሰር ሰበሰቡንና ‹ከእናንተ አንዱ ያለፈቃድ ብልቃጥ ከፍቶ፣ ታሞ፣ ደብቆኛል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ራሱ መጥቶ ይንገረኝ፤ እስከ ነገ እጠብቃለሁ› አሉን።»

«ማን ሄደ?»

«እኔ አልሄድኩም። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።»

ከደብተሩ ላይ የዚያ ቀን ገጽ ተቀዷል። ሳህኑ ግን መሳቢያ ውስጥ በቦታው ነበር። የቀደደው ሰው ቁጥር ብቻውን አፍ የለውም ብሎ የናቀው ይመስላል።

ምክትሉ ዶክተር ዓይኑ ቀልቶ፣ ትከሻው ወርዶ፣ እንደ ሌሎቹ ዝሎ ነበር። ጋሼ እንደ አባት እንዳስተማሩትና ሰኞ ከስብሰባው ወጥቶ ቤቱ እንደገባ ተናገረ። ያለፈቃድ ብልቃጥ የከፈተ ሰው ምን ይሆናል ብላ መርማሪዋ ስትጠይቀው የሙያ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ሳያመነታ መለሰ። ባለፉት ሁለት ወራት ከሥራ ቀርቶ እንደሆነም ጠየቀችው። ለአጎቱ ለቅሶ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ጠብታም በቶንሲል አንድ ሳምንት፣ ሽማግሌውም በሳል አሥር ቀን ቀርተዋል። ሦስቱም በቫይረሱ ታመው ተኝተው ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ለሁለቱ በፊታቸው፣ ለሽማግሌው ደግሞ በጣቢያው አንድ ነገር ነገረቻቸው፦ ሐሙስ ጠዋት ደማቸው ይቀዳል፤ ከሆስፒታል የምትመጣ ሐኪም ሳህን ላይ ታሳድረዋለች፤ ዓርብ መልሱ ይታወቃል።

አዛዡ ግራ ገባው። «ለምን ዛሬውኑ አይቀዳም?»

«ዛሬ ደክሞኛል» አለች። እውነቷን ነበር። ግን እውነቱ ያ ብቻ አልነበረም።

ሐሙስ ደም ሲቀዳ ሁሉም የጨው ከረጢት የተሸከመ ይመስል ነበር። ሽማግሌው ወንበር ላይ ሆነው ያንቀላፋሉ። ጠብታ ክንዷን ዘርግታ መርፌው መውጣቱን እንኳ አላወቀችም። ከሆስፒታል የመጣችው ሐኪም ራሷ ከተረኝነት በቀጥታ ስለመጣች እያዛጋች ነው የቀዳችው። ዶክተሩ ብቻ ቀልጠፍ ቀልጠፍ ይል ነበር። ጓዳው ውስጥ ከነበረው ዳቦ ሁለት በላ፤ የጠብታን ድርሻ ተመለከተና ያንንም ጨመረው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለው መጻሕፍቱን ሁሉ በፊደል ተራ ደርድሮ መጨረሱን ነገራቸው።

«ሐዘን ነው» አለ እያኘከ።

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «ሦስት ዳቦ» ብላ ጻፈች። በሥራ ዘመኗ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ ሐዘን እንቅልፍ ሲነሳ አይታለች፣ እንዲህ ሲያስርብ ግን አላየችም።

ዓርብ ጠዋት ውጤቱ መጣ። በሦስቱም ሰዎች ደም ለቫይረሱ የወጣ ነጥብ የለም። አዛዡ ወረቀቱን አይቶ ተነፈሰ፤ ደስ አላለውም፣ ግን ፋይል መዘጋት አለበት። ሽማግሌውን ወደ ዓቃቤ ሕግ የሚልከውን የመሸኛ ደብዳቤ እንዲጽፉ አዘዘ።

«እትዬ፣ ማንም አልታመመም፤ ወሬው ሁሉ ከንቱ ነው። ያለው ደወሉ ብቻ ነው።»

«ከመፈረምህ በፊት ሁሉንም የሻይ ክፍሉ ውስጥ ሰብስብልኝ። ሃያ ደቂቃ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ተቀምጬ ነው የምናገረው።»

ተሰበሰቡ። ሽማግሌው በሁለት ፖሊስ መካከል፣ ጠብታ በመስኮቱ በኩል፣ ዶክተሩ ቆሞ፣ ሐኪሟ ሳህኑን በእጇ ይዛ።

መርማሪዋ እንደ ቤት ወሬ ጀመረች። ሳህኑ ላይ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጉድጓድ አለው። አንደኛው ምንም ያልገባበት ነው። ሁለተኛው የቫይረሱ ቁራጭ የገባበት ነው። ሦስተኛው ውስጥ የሚገባው ግን ያወቀውንም ያላወቀውንም፣ በሕይወት ያለውን ቲ ሴል ሁሉ ቀስቅሶ የሚያስጮህ መድኃኒት ነው፤ ሴሎቹ ደህና መሆናቸው የሚታየው በዚያ ነው።

«አዛዡ ሁለተኛውን አየ። እኔ ስላልገባኝ ሦስቱንም አስነበብኩ። ዶክተር፣ አንቺ ሦስተኛውን ንገሪያቸው።»

ሐኪሟ ሳህኑን ወደ ብርሃን አነሳችው። «የአባባ ጠቁሯል፤ ነጥቡ ከብዛቱ የተነሳ አይቆጠርም። የእሷም እንዲሁ። የምክትሉ አሥራ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ሴሎቹ አልሞቱም። ተኝተዋል።»

ዶክተሩ ሳቅ አለ። «ሐዘን ሰውነት ያደክማል፤ የታወቀ ነው።»

«ሐዘንማ ጠብታም አላት» አለች መርማሪዋ። «አባባ ደግሞ ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ነው ያደሩት። የሁለቱ ሴሎች ሲጮሁ አደሩ። የእርስዎን ሰው አፋቸውን ይዟቸዋል።»

ቀጠለች። ቲ ሴልን ዝም የሚያሰኝ የታወቀ ክኒን አለ፤ ለአስምና ለአለርጂ ይታዘዛል፣ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ብዙ የወሰደ ሰው ይርበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሌላው ሲዝል እሱ ይነቃል። ማክሰኞ ዶክተሩ እንደ ሁሉም ዝሎ ነበር፤ ሐሙስ ግን በቤቱ የነቃ እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ጊዜ የሰጠችውም ጥፋተኛው በጊዜው ምን እንደሚሠራበት ለማየት ነው።

«ክኒኑንማ ድሮም እወስዳለሁ፤ አስም አለብኝ።»

«ባለፈው ዓርብ አልወሰዱም። የጋሼ ሳህን መሳቢያው ውስጥ አለ፤ የአራቱም ሰው ሦስተኛ ጉድጓድ ጥቁር ነው። ማክሰኞ ግን ከገበያው በር ካለው ፋርማሲ ስድሳ ክኒን ገዝተዋል። ማዘዣው በእናትዎ ስም፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው። ምንም የሌለበት ሰው ደሙን ዝም አያሰኝም።»

ዶክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ግምት እንደሆነ፣ ሳህኑ ላይ ለቫይረሱ የወጣ ነጥብ አለመኖሩን ደጋግሞ ተናገረ። ድምፁ ግን በየቃሉ እያነሰ ነበር።

«ልክ ነዎት» አለች። «ስለዚህ ጣቢያ ይቆዩ። እዚያ ክኒን የሚሰጥዎ የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንቀዳለን። ያን ጊዜስ ሴሎቹ ይረሳሉ?»

ዶክተሩ መልሱን ከማንም የተሻለ ያውቀዋል፤ ሲያስተምር የኖረው እሱን ነው።

«አንድ ብልቃጥ ነው የከፈትኩት» አለ በመጨረሻ። «ሥራው ዘግይቶ ነበር። ታመምኩ፣ ዳንኩ፣ አለቀ አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ጥፋቴን ነገርኳቸውና የቀረውን ብልቃጥ አብረን እንቁጠር አልኳቸው። ደወሉን ነቅዬ፣ ቱቦውን ለቅቄ፣ ክፍሉን አስቀድሜ አዘጋጅቼው ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔን አምነው ቀድመውኝ ገቡ።»

ጠብታ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አዛዡ የመሸኛ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ዶክተሩንም ይዘውት ወጡ።

ሽማግሌው ባሉበት ቀሩ። የእጅ ብረቱ ሲፈታላቸው አንጓቸውን አላሹም፣ አላመሰገኑም፣ አላለቀሱም።

«አባባ፣ ነፃ ነዎት። ቤትዎ ሄደው ይተኙ» አለቻቸው።

«ክፍሉ የታሸገው ማክሰኞ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጋኖቹ ሦስት ቀን አልጠጡም። ዛሬ ካልሞላኋቸው ያለው ሁሉ ያልቃል።» ጫፉ የተበላውን የቆዳ ጓንታቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። «የጋሼም ደም እዚያው ነው፤ አራተኛው መደርደሪያ ላይ። እሱ ገና በሕይወት ነው።»

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ማሸጊያውን ልትቀድላቸው ከፊታቸው ሄደች።